ስለ ዕፀዋት ቫይረስና ስለ ነቀርሳ ሕክምና

ትምባሆ በኢትዮጵያ ካህናት ዘንድ ከጥንት ጀምሮ የተነቀፈ ቅጠል መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ በታላላቅ የምርመራ ቤቶች ስለ ነቀርሳ ፈውስ የሚደረገው አንድ አዲስ ድካም ሥሩ ቢፈለግ የሚገኘው ከዚሁ ከተነቀፈው ቅጠል ላይ ነው፤ ያውም ከጤናማው ሳይሆን ከታመመው ቅጠል ላይ ነው። ነገሩ እንግዳ ስለ ሆነ፤ እኩሌታው ተሰምቶ እኩሌታው ሳይሰማ በሕዝብ ዘንድ ወሬ ሆኖ ከመዞሩ በፊት፤ በሥልጣን ላይ ያሉ ሰዎችና ሕዝቡ ምክር የሚጠይቃቸው ካህናት ከመነሻው ቢያውቁት ይጠቅማል። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በ1879 ዓመት በሆላንድ አገር ቫኽኒንገን በሚባለው ከተማ የእርሻ ምርመራ ቤት አለቃ የነበረው አዶልፍ ማየር የሚባል የጀርመን ተወላጅ ሊቅ የትምባሆ ገበሬዎችን ያስጨነቀ አንድ በሽታ ይመረምር ጀመረ። በሽታው የያዘው ቅጠል አንዱ ፊቱ የጠቈረ አረንጓዴ፤ ሌላው ነጣ ያለ እየሆነ፤ በልዩ ልዩ ቀለም ጠጠር እንደሚሠራው የሞዛይክ ሥዕል ይዥጐረጐራል፤ ስለዚህም ማየር በ1886 ዓመት ባሳተመው ጽሑፍ የሞዛይክ በሽታ ብሎ ሰየመው። የታመመውን ቅጠል ጨምቆ ጭማቂውን ወደ ጤናማው ተክል ቢያስገባበት ያም ታመመ። በሽታውን የሚያመጣውን ነገር ግን በአጕሊ መነጽር ቢፈልገው ሊያየው አልቻለም።

ከዚህ በኋላ በ1892 ዓመት ዲሚትሪ ኢቫኖቭስኪ የሚባል የመስኮብ ሰው ያንኑ ጭማቂ ባክቴሪያ የሚባሉትን ደቂቅ ሕያዋን ሁሉ ይዞ በሚያስቀር የሸክላ ማጥሪያ አሳለፈው። የተጣራው ውሃ ንጹሕ ይመስላል፤ ነገር ግን ተክሉን እንደ ፊተኛው አሳመመው። በ1898 ዓመት ደግሞ ማርቲኑስ ቤይጀሪንክ የሚባል የሆላንድ ሊቅ ይህንኑ ሙከራ ደግሞ ከፈጸመ በኋላ፤ በማጥሪያው የሚያልፈው ነገር ባክቴሪያ እንዳልሆነ፤ በሕያው ተክል ውስጥ ብቻ እንደሚበዛ አስረድቶ፤ በላቲን ቋንቋ መርዝ ማለት በሆነው ቃል ቫይረስ አለው። ዛሬ ሕፃን ሁሉ የሚያውቀው ይህ ስም በዚህ ትርጕሙ የጸናው በሰው በሽታ ሳይሆን በትምባሆ ቅጠል በሽታ ነው።

ዌንደል ስታንሊ የሚባለው አሜሪካዊ በ1935 ዓመት ያደረገው ከሁሉ ይልቅ አስደናቂ ነበረ። ይህ ሰው የታመመውን የትምባሆ ጭማቂ እያጣራና እያጠለለ፤ በመጨረሻው ቫይረሱን እንደ ጨው ክሪስታል አድርጎ ብቻውን ለየው። ክሪስታሉ ሲያዩት ግዑዝ ነው፤ አይበላም፤ አይተነፍስም፤ አይንቀሳቀስም። ነገር ግን ተሟሙቶ በቅጠል ላይ ሲታሽ በሽታውን ያመጣል፤ ይበዛልም። ሕያው ነው ወይስ ግዑዝ የሚለው ክርክር ከዚያ ቀን ጀምሮ በሊቃውንት መካከል ቆሞ ይኖራል፤ ስታንሊም በ1946 ዓመት የኖቤልን የኬሚስትሪ ሽልማት ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋር ተካፈለ። በ1939 ዓመት በጀርመን አገር በኤሌክትሮን አጕሊ መነጽር ቅርጹ ታየ፤ እንደ ቀጭን በትር ሆኖ ተገኘ።

የዚህ በትር መጠን በናኖሜትር ይለካል። ናኖሜትር ማለት አንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮን ጊዜ ሲከፈል የሚደርሰው ነው። የትምባሆው ቫይረስ ርዝመቱ 300፤ ውፍረቱ 18 ናኖሜትር ይሆናል፤ ስለዚህ አንዱ ከአንዱ ጫፍ ለጫፍ ቢገጠሙ አንድ ሚሊሜትር ለመሙላት ከሦስት ሺሕ የሚበልጡ በትሮች ያስፈልጋሉ። በትሩ ውስጡ ክፍት ነው፤ የክፍተቱም ስፋት 4 ናኖሜትር ነው። ግድግዳው 2130 ያህል አንድ ዐይነት በሆኑ የፕሮቲን ጡቦች እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ ተሠርቷል፤ በጡቦቹም መካከል የቫይረሱ የዘር ጽሕፈት የሆነው አር ኤን ኤ የሚባለው ክር ተጠምዝዞ ተቀብሯል። ይህን የአሠራር ሥርዓት በጥንቃቄ ካሳዩት አንዷ በለንደን ትሠራ የነበረችው ሮዛሊንድ ፍራንክሊን ናት፤ እርስዋም በ1958 ዓመት ገና በ37 ዓመትዋ በነቀርሳ በሽታ ሞተች።

በ1955 ዓመት በካሊፎርኒያ በበርክሊ ከተማ ፍሬንክል ኮንራትና ዊሊያምስ የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት ቫይረሱን ጡቡን ለብቻ፤ ክሩንም ለብቻ አድርገው ካፈረሱት በኋላ ሁለቱን በአንድ ዕቃ ቢቀላቅሏቸው፤ የሰው እጅ ሳያገጣጥማቸው ራሳቸው ተሰብስበው እንደ ቀድሞው በትር ሆኑ፤ ተክልንም አሳመሙ። ለሕክምና የሚሆነው አሳብ ከዚህ የሚወለድ ነው። መድኃኒት የሚጫንበትን በናኖሜትር የሚለካ ዕቃ በሰው ጥበብ መሥራት ከባድ ነው፤ ቢሠራም አንዱ ትልቅ፤ አንዱ ትንሽ እየሆነ ያስቸግራል። ተክል ግን በፀሓይና በውሃ ብቻ አንዱ ከሌላው የማይለየውን ዕቃ እልፍ አእላፋት አድርጎ ይሠራል።

ስለዚህ አንዳንድ ሊቃውንት የትምባሆውን በትር እንደ ጭነት ዕቃ አድርገው ይሞክሩት ጀመሩ። በ2016 ዓመት በአሜሪካ አገር ከፕላቲን ማዕድን የተሠራ የነቀርሳ መድኃኒት በበትሩ ክፍተት ውስጥ ተሞልቶ ነቀርሳ ባለባቸው አይጦች ሰውነት ቢሰጥ፤ መድኃኒቱ ብቻውን ከተሰጠበት ይልቅ እብጠቱን ይበልጥ ቀነሰው። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጭነት ዕቃ ሌላም ይገኛል። የበለጠ ነገር የታየው በሌላ ተክል ቫይረስ ነው።

ከአደንጓሬ ወገን የሆነ ካውፒ የሚባል እህል አለ። በአፍሪቃ ቆላ አገሮች ሁሉ የድኻ ምግብ ነው፤ በኢትዮጵያም በቆላው ክፍል ይዘራል። ይህን እህል የሚያጠቃ የሞዛይክ በሽታ በ1959 ዓመት በናይጄሪያ ታውቆ ተጻፈ፤ በሽታውንም ቅጠል የሚበሉ ጢንዚዛዎች ከተክል ወደ ተክል ያዛምቱታል። ቫይረሱ በትር ሳይሆን እንደ ኳስ ክብ የሚመስል፤ ሃያ ፊት ያለው፤ 30 ናኖሜትር የሚያህል ነው፤ ግድግዳውም ሁለት ዐይነት ፕሮቲን ሆኖ እያንዳንዱ ስድሳ ስድሳ ጊዜ ተደጋግሞ ይገኛል። የሚያስደንቀው የዘር ጽሕፈቱ በሁለት ተከፍሎ በሁለት የተለያዩ ኳሶች ውስጥ መቀመጡ ነው፤ ተክሉ እንዲታመም ሁለቱም መግባት አለባቸው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ካውፒው በመስተዋት ቤት ውስጥ ይዘራል፤ ቅጠሉ ሲወጣ ጥቂት ደቃቅ አሸዋ መሰል ዱቄት ይነሰነስበትና በቫይረሱ ውሃ ይታሻል፤ ዱቄቱ የቅጠሉን ቆዳ ስለሚጭረው ቫይረሱ ይገባል። ከዚያ በኋላ ጥቂት ሳምንት ተቈይቶ ቅጠሉ ይለቀማል፤ ይፈጫል፤ ይጣራል። ከአንድ ኪሎ ቅጠል እስከ አንድ ግራም የጠራ ቫይረስ ሊገኝ ይችላል። አንድ ግራም ጥቂት የሚመስለው ሰው፤ ለአንድ ጊዜ መርፌ የሚያስፈልገው ከግራም ሺሕኛ በሚቈጠር መጠን መሆኑን ይወቅ።

ነቀርሳ ከባዕድ አገር እንደሚመጣ ጠላት አይደለም፤ ከገዛ ሰውነት ወጥቶ የሸፈተ ሽፍታ ነው። የሰውነት ዘበኞች የሆኑት ነጭ የደም ሕዋሳት የቤት ልጅ መስሎአቸው ያልፉታል፤ እርሱም በዙሪያው የሚደርሱትን ዘበኞች እያታለለ ያስተኛቸዋል። እንግዲህ በሽፍታው ሰፈር መካከል አንድ የታወቀ ባዕድ ነገር ቢጣልና ዘበኞቹ ቢነቁ፤ ባዕዱን ሲፈልጉ ሽፍታውንም ያገኙታል የሚል አሳብ ከጥንት ነበረ። በ1891 ዓመት በኒው ዮርክ ዊሊያም ኮሊ የሚባል ሐኪም ይህንን ተስፋ አድርጎ ባክቴሪያ ወደ ነቀርሳ እብጠት ወጋ፤ አንዳንዱ በሽተኛ ዳነ፤ አንዳንዱ ግን ከዚያው የተነሣ ሞተ። ከ1976 ዓመት ወዲህ ደግሞ፤ በኢትዮጵያ ሕፃናት ስለ ሳንባ ነቀርሳ የሚከተቡት ቢ ሲ ጂ የሚባለው ክትባት፤ በፊኛ ውስጥ ለሚወጣ ነቀርሳ እየተደረገ ብዙ ሰው ጠቅሟል። ዘበኛን የመቀስቀስ ሕክምና እንግዲህ አዲስ አይደለም፤ አዲሱ ቀስቃሹ ነው።

በ2016 ዓመት በአሜሪካ አገር የዳርትማውዝ ኮሌጅና የኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት፤ ከእነርሱም መካከል ኒኮል ስታይንሜትዝና ስቲቨን ፊሪንግ፤ የካውፒውን ቫይረስ ውስጡ ባዶ የሆነውን ግድግዳ ብቻ፤ የዘር ጽሕፈት የሌለበትን፤ ወስደው የሳንባ ነቀርሳ ባለባቸው አይጦች አየር መንገድ አደረጉት፤ በቆዳ፤ በእንቁላል ዕጢ፤ በአንጀትና በጡት ነቀርሳም ላይ ሞከሩት። ምንም መድኃኒት አልተጫነበትም። ነጭ የደም ሕዋሳት ግን ነቅተው እብጠቱን ወጉት። ከዚህም ይልቅ የሚደነቀው፤ እብጠቱ ከጠፋላቸው አይጦች መካከል ያው ነቀርሳ ዳግመኛ ሲወጋባቸው የተቋቋሙ መገኘታቸው ነው፤ ዘበኞቹ ጠላታቸውን ለይተው አውቀውታልና።

ከአይጥ በኋላ ነገሩ ወደ ውሻ ተሻገረ። ውሻ ከሰው ጋር አንድ ቤት የሚያድር፤ እንደ ሰው በዕድሜ ብዛት ነቀርሳ የሚይዘው እንስሳ ስለ ሆነ፤ በምርመራ ቤት ነቀርሳ ከሚተከልበት አይጥ ይልቅ ለሰው የቀረበ ምስክር ነው። በአሜሪካ በአፋቸው ውስጥ ነቀርሳ የወጣባቸው ውሾች፤ በእስፓኝ በማድሪድ ከተማ ደግሞ እጅግ ክፉ የሆነ የጡት ነቀርሳ የያዛቸው ጥቂት ውሾች በዚሁ ቫይረስ ታክመው፤ እብጠታቸው የቀነሰ ታይቷል። የውሾቹ ቍጥር ጥቂት መሆኑና አንዳንዶቹ ሌላም ሕክምና አብሮ የተደረገላቸው መሆኑ ግን አይዘነጋ።

የዕፀዋት ቫይረስ ሁሉ ይህን ያደርጋል ማለት አይደለም። ያንኑ ካውፒ የሚያጠቃ፤ መጠኑም ቅርጹም የሚመሳሰል ሌላ ቫይረስ አለ፤ እርሱ ግን ዘበኞቹን እንደዚህ አይቀሰቅስም። ይህ ልዩነት ከምን እንደሚመጣ ስታይንሜትዝ በምትሠራበት በሳን ዲየጎ ዩኒቨርሲቲ ተመርምሮ በ2025 ዓመት ጽሑፍ ወጥቷል፤ አንዱ ወደ ነጭ ሕዋሳት ገብቶ ኢንተርፌሮን የሚባለውን የማንቂያ ቅመም ያስነሣል፤ ሌላው አያስነሣም። መልካቸው አንድ፤ ሥራቸው ሁለት፤ ይህም በዚህ ጥበብ ውስጥ ገና ብዙ የተሸሸገ ነገር እንዳለ ያሳያል።

አሁን አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ካህኑም ሆነ ገበሬው ሊጠይቀው የሚገባ ነው። ደዌን፤ የቅጠልም ቢሆን፤ ወደ ሰው ሰውነት ማግባት ተገቢ ነውን? ለዚህ መልስ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ክትባት የሚለው ቃል ከተበ ከሚለው የመጣ ነው፤ ጻፈ፤ ቆዳን በጥቂቱ በጣ ማለት ነው። የኢትዮጵያ ሰዎች የአውሮፓ ክትባት ሳይደርሳቸው በፊት ፈንጣጣ ከያዘው ሰው ቍስል መግል ወስደው የጤናማውን ክንድ በጥቂቱ በጥተው ያገቡበት እንደ ነበረ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አገሩን ያዩ መንገደኞች ጽፈዋል። ያ ሕያው የሰው ደዌ ነበረና አንዳንዱን ይገድል ነበር። የካውፒው ቫይረስ ግን በሰውና በእንስሳ ሕዋስ ውስጥ ሊበዛ አይችልም።

ደግሞም ሰው ሁሉ የዕፀዋትን ቫይረስ በየቀኑ ሳያውቀው ይበላል። በ2006 ዓመት በሰው ዓይነ ምድር ውስጥ የሚገኘውን ቫይረስ የመረመሩ ሊቃውንት ከሁሉ በዝቶ ያገኙት የሰውን ሳይሆን የበርበሬን ቫይረስ ነው፤ ከምግብ ጋር ገብቶ፤ ምንም ሳይሠራ የወጣ ነው። በትምባሆ አጫሾች ደም ውስጥም የሰውነት መከላከያ ኀይል በትምባሆው ቫይረስ ላይ ያዘጋጀው መሣሪያ ተገኝቷል፤ ስለዚህ ሰውነት እነዚህን እንግዶች ያውቃቸዋል፤ አይታመምባቸውም ማለት ነው። ሆኖም መብላትና በመርፌ መወጋት አንድ ስላልሆነ፤ የመርፌው ጕዳትና ጥቅም በሥርዓት ለብቻው መመርመር አለበት።

የበረታው ፍርሃት ስለ ሰው ሳይሆን ስለ እርሻ ነው። ሰውን የማያሳምም ቫይረስ ካውፒን ግን ያሳምማል። ቫይረሱ ሳይሞት ለበሽተኛ ቢሰጥ፤ ከሰውነቱ ወጥቶ ወደ ማሳ ቢደርስ፤ ለአንዱ ፈውስ የሆነው ለሌላው ረኃብ ይሆናል። ሊቃውንቱ ይህን አስበው ቫይረሱን በማይታየው የፀሓይ ጨረር ወይም ፎርማሊን በሚባለው ቅመም የዘር ጽሕፈቱን አበላሽተው ሞክረውታል፤ እንዲህ የሞተው ቫይረስ ተክል አያሳምምም፤ የነቀርሳውን ዘበኛ ግን ይቀሰቅሳል። ጽሕፈት የሌለበት ባዶው ግድግዳም ለዚሁ ይሆናል። በዚህ ነገር ላይ የእርሻ ሰዎች ድምፅ ከሐኪሞች ድምፅ ያነሰ እንዳይሆን ያስፈልጋል።

ምርመራ ቤት የሠራውን ሁሉ ዓለም ይቀበለዋል ብሎ ማሰብም ስሕተት ነው። ሜዲካጎ የሚባል የካናዳ ኩባንያ ከትምባሆ ወገን በሆነ ተክል ቅጠል ውስጥ የኮሮናን ቫይረስ መልክ የያዘ ባዶ ቅንጣት አሠርቶ ክትባት አደረገው፤ ይህ የዕፀዋት ቫይረስ ባይሆንም የጥበቡ ዘመድ ነው። የካናዳ መንግሥት በየካቲት 2022 ዓመት ፈቀደለት። ነገር ግን ከባለ አክሲዮኖቹ አንዱ ፊሊፕ ሞሪስ የሚባለው የሲጋራ ኩባንያ ስለ ነበረ የዓለም ጤና ድርጅት አልቀበልም አለ፤ በ2023 ዓመትም የጃፓን ባለቤቱ ኩባንያውን ዘጋው። ክትባቱ መልካም ሆኖ ሳለ የሲጋራው ገንዘብ እንቅፋት ሆነበት፤ የካህናቱ ነቀፌታ ከንቱ እንዳልነበረ የሚያስታውስ ነገር ነው።

የኢትዮጵያ ሰው በዚህ ነገር ምን ድርሻ አለው? የነቀርሳ በሽተኛ ለብዙ ዘመን የጨረር ሕክምና የሚያገኘው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበረ፤ ከሩቅ ጠቅላይ ግዛት የመጣ ሰው ተራ እየጠበቀ ደዌው ይበረታበት ነበር። ምንም እንኳ ዛሬ ሌሎች ሥፍራዎች ቢጨመሩ፤ መድኃኒቱ ውድ፤ መንገዱ ሩቅ ነው። የካውፒው ቫይረስ ሙቀት የሚችል ነው፤ በ60 ዲግሪ ሙቀት ለአንድ ሰዓት ቢቈይ አይፈርስም፤ በተራ ቤት ሙቀትም ለረጅም ጊዜ ይቀመጣል። የበረዶ ሣጥንና የኤሌክትሪክ ኀይል በማይደርስበት አገር ይህ ጠባይ ከመድኃኒቱ ኀይል የማያንስ ጥቅም አለው። የሚበቅልበትም ዘር ገበሬው የሚያውቀው እህል ነው።

ነገር ግን ይህ ሁሉ ለነገ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ የካውፒ ቫይረስ ለሰው ነቀርሳ የተፈቀደ መድኃኒት ሆኖ በየትም አገር አልተሰጠም። በአይጥ የዳነ በሰው ሳይድን የቀረ መድኃኒት ብዙ ነው። ስለዚህ ነቀርሳ የያዘው ሰው የታመመ የአደንጓሬ ቅጠል እየጨመቀ እንዲጠጣ ወይም በእብጠቱ ላይ እንዲያደርግ የሚመክር ሰው ቢነሣ፤ ሐሰተኛ መሆኑን ካህናቱ ለሕዝቡ ይንገሩ፤ ሊቃውንቱ የሚሰጡት በብዙ ማጣሪያ የጠራ፤ በመጠን የተለካ፤ በሐኪም እጅ የሚወጋ ነው እንጂ የቅጠል ጭማቂ አይደለም። በቅጠል ጭማቂ የሚጠፋው ጊዜ ነው፤ ነቀርሳም ቶሎ ሲታወቅ የሚታከምበት ጊዜ እንዳለ፤ ከዘገየ በኋላ የማይታከምበት ጊዜ አለ።

ለሹማምንት የሚሆነው ጕዳይ ሌላ ነው። አንድ ቀን እንዲህ ያለ መድኃኒት ለሙከራ ወደ ኢትዮጵያ ላምጣ የሚል ቢመጣ፤ ፈቃዱን የሚጠይቀው ከምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ብቻ እንዳይሆን ያስፈልጋል። የዘሩ ጽሕፈት በሰው እጅ የተለወጠ ከሆነ በ2009 ዓመት የወጣው፤ በ2015 ዓመትም የተሻሻለው የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቍጥር 655 ይመለከተዋል። ያልተለወጠ፤ ነገር ግን ሕያው የሆነ ቫይረስ ከሆነ ደግሞ የተክል በሽታ ከውጭ እንዳይገባ የሚጠብቁት የእርሻ ሰዎች ያዩት ዘንድ ይገባል፤ ቫይረሱ መሞቱን አምጪው በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በጤናማ ካውፒ ቅጠል ላይ በማሸት፤ ሳምንታትም በመጠበቅ ያሳይ ዘንድ ሊጠየቅ ይችላል። ይህ ሙከራ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ማየር ከመቶ ዓመት በፊት በትምባሆ ላይ ያደረገው ያው ሙከራ ነው።